ደረቅ ፍልጥ በድሬዳዋ፦ አነስተኛ የማገዶ ንግድ ከግዢ እስከ ደንበኛ በር

ድሬዳዋ ላይ ማገዶ የሚሸጥ ሞልቷል፤ ደረቅ ማገዶ የሚሸጥ ግን ጥቂት ነው። ጠዋት ከደጋ የወረደ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሰዓት ይፈለጣል፣ ማታ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ጋጋሪዋ ምጣዱ አልሰማ እያላት፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ግማሽ ቀኗን ጭስ ስትውጥ ትውላለች። የሚገርመው ደግሞ ይህ የሚሆነው ፀሐይና ነፋስ በነፃ በሚታደልበት ከተማ ነው። በዚህ ሥራ ትርፍ የሚገኘው ከማድረቁ ነው። መፍለጥማ ጉልበት ያለው ሁሉ ይፈልጣል። ከታች ያለው መንገድ ትንሽ ግቢና ለአንድ የአይሱዙ ጭነት የሚበቃ ገንዘብ ላለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡ

እርጥብ እንጨት ስትገዙ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እንደ ዛፉ ዓይነትና እንደተቆረጠበት ወቅት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ለሒሳብ ግን ግማሽ ብላችሁ ያዙት። ለማገዶ ደረቅ የሚባለው ከጠቅላላ ክብደቱ የውሃው ድርሻ ወደ 20 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ስለዚህ 1,000 ኪሎ እርጥብ ግንድ ውስጥ ያለው እንጨት 500 ኪሎ ብቻ ነው፤ 20 በመቶ ውሃ ይዞ ሲደርቅ ሚዛን ላይ የሚያነሣው 625 ኪሎ ነው። ቀሪው 375 ኪሎ ለድሬ ሰማይ የተገበረ ነው።

አሁን በብር እንየው። ቁጥሮቹ ለስሌት ያህል ናቸው፣ የየሰሞኑን ዋጋ ራሳችሁ ተኩባቸው። 1,000 ኪሎ እርጥብ ግንድ ከነማጓጓዣው 6,000 ብር ፈጀ እንበል። በእርጥቡ ስትቆጥሩት ኪሎው 6 ብር ነው፤ በደረቁ ግን 6,000 ለ625 ሲካፈል 9 ብር ከ60 ሳንቲም ይመጣል። ማስፈለጫ፣ ማራገፊያና የቦታ ኪራይ ተደምሮ 1,700 ብር ቢሆን ወጪው 7,700 ይደርሳል፤ ኪሎው 12 ብር ከ32 ሳንቲም። ከቅርፊትና ከስብርባሪ 5 በመቶ ይጠፋል ብትሉ ደግሞ ወደ 13 ብር ይጠጋል። ከዚህ በታች የሸጠ ሰው ከኪሱ እየጨመረ ነው። በኪሎ ገዝተው ያደረቁትን በዚያው ስሌት በኪሎ ሸጠው «ግቢዬ ውስጥ ሌባ አለ» የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ሌባው ፀሐይ ነው።

ደንበኛው ለምን ከፍ አድርጎ ይከፍላል? እሳት መጀመሪያ ውሃውን ማትነን ስላለበት ነው። ግማሹ ውሃ የሆነ አንድ ኪሎ እንጨት በተግባር የሚሰጠው ሙቀት ወደ 8 ሜጋጁል ሲሆን፣ 20 በመቶ ውሃ ያለው አንድ ኪሎ ወደ 14 ይሰጣል። ይህን ቁጥር ለደንበኛ መንገር አያስፈልግም። «ከዚህ ሁለት ኪሎ ይበቃሻል፣ ከዚያኛው ግን ሦስት ኪሎ ተኩልም ላይበቃሽ ይችላል» ብትሏት ይገባታል፣ ሞክራም ታረጋግጣለች።

ወረቀት

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ እንደማንኛውም ንግድ ነው፤ ብዙ አላወራበትም። ከሌላው ንግድ የሚለየው የእንጨቱ ወረቀት ነው። ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነ የራሷ አስተዳደር ናት፣ ሐረርም የራሷ ክልል አላት፤ ባሕር ዛፉ ያለው ግን በአብዛኛው ምሥራቅ ሐረርጌ ነው፣ ያም ኦሮሚያ። ስለዚህ እንጨታችሁ ወሰን ይሻገራል። የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ከገበሬው ጋር ዋጋ ከመጨረሳችሁ በፊት በእርሱ ወረዳ ያለውን የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት የማጓጓዣ ወረቀት ጠይቁ። ወረቀቱ ላይ የዛፉ ዓይነትና መጠን፣ የመኪናው ታርጋና ቀኑ ከጭነቱ ጋር መግጠም አለበት። ዛሬ የተጻፈውን ለነገ ጭነት ለማብቃቃት የሞከረ ኬላ ላይ ያድራል፤ የሹፌሩን አበልም እርሱ ይከፍላል።

የትኛው እንጨት?

መነሻችሁ ባሕር ዛፍ ይሁን። ገበሬው ተክሎ ያሳደገው ስለሆነ ምንጩን ማስረዳት ቀላል ነው፣ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከቁልቢ፣ ከቀርሳና ከሐረማያ ዙሪያ ይገኛል።

ግራር ፍሙ የሚቆይ፣ ሥጋ ጠባሽ የሚወደው እንጨት ነው። ነገር ግን በቆላው ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና ምንጩን ሳታዩ በሌሊት የሚመጣላችሁን ጭነት አትቀበሉ። ጥድ፣ ዝግባ፣ ዋንዛና ኮሶን ጨርሶ ተዉአቸው፤ ከ1986ቱ የደን አዋጅ ጀምሮ በስማቸው ተጠቅሰው ጥበቃ የተደረገላቸው ናቸው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ቆላውን የወረረ እሾሃማ መጤ ዛፍ ግን ግሩም ማገዶ ነው፤ ክብደት አለው፣ ሙቀቱም ኃይለኛ ነው። እሾሁ ጎማም ጫማም ይበሳል፣ ስለዚህ እሾሁ እዚያው ተመልምሎ እንዲመጣ ተስማሙ።

የጫት እንጨት ደግሞ የአካባቢያችን ጸጋ ነው። አወዳይና ሐረማያ ዙሪያ ያረጀ ጫት ሲነቀል ወይም ሲገረዝ የሚወጣው ቀጭን እንጨት ቶሎ ይደርቃል፣ ለማቀጣጠያ የሚስተካከለው የለም። ከየእስሩ ጋር ጥቂት ጨምራችሁ ብትሰጡ ደንበኛ ያስራል።

የማይገቡትን ልንገራችሁ። ቁልቋል፦ ወተቱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጭሱም አይቻልም። አሮጌ የመብራትና የስልክ እንጨት ምሰሶ፦ እንዳይበሰብስ መርዝ የጠጣ ነው። ቀለም የተቀባ የሕንፃ ጣውላም እንዲሁ። በርካሽ ይገኛሉ፣ ግን ምግብ የሚበስልበት እሳት ውስጥ የሚገባ ነገር ነው የምትሸጡት።

ግዢ

ሁለት ዓይነት ግዢ አለ፤ በመኪና ተጭኖ የመጣውን መግዛት፣ ወይም ማሳ ድረስ ወጥቶ በቆመበት መግዛት። በቆመበት ይረክሳል፣ ግን ማስቆረጫውም ኃላፊነቱም የእናንተ ይሆናል። ኦሮምኛ የማትችሉ ከሆነ የሚችል ዘመድ ወይም ጓደኛ ይዛችሁ ውጡ። ደላላ ከሁለቱም ወገን ይበላል፣ ገበሬውም ቢሆን በቀጥታ የሚያነጋግረውን ሰው ይወዳል። ጉቶው ዝቅ ብሎ፣ ገጹ ዘመም ብሎና ሳይሰነጠቅ እንዲቆረጥ አድርጉ፤ ውሃ አይቋጥርበትም፣ በደንብ ያቆጠቁጣል። አባወራው ይህን ሲያይ ቀጣዩን ቆረጣም ለእናንተ ያቆይላችኋል።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ዘዴ አለ። ዛፉን ከጣላችሁ በኋላ ቅርንጫፉን አትመልምሉት፤ ከነቅጠሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ይተኛ። ቅጠሉ እስኪጠወልግ ድረስ ከግንዱ ውሃ መሳቡን አያቆምም። ከዚያ መልምላችሁ፣ ቅርፊቱን ልጣችሁ ጫኑት። ከደጋው ወደ ድሬ የሚያወርደውን የደንገጎን ዳገት ቁልቁል ለሚወርድ መኪና ከጭነቱ ላይ ጥቂት ኩንታል ውሃ መቀነስ ለኪስም ለፍሬንም ደግ ነው።

ግቢው

ነፋስ የሚያልፍበት፣ ውሃ የማይተኛበት፣ መኪና የሚደርስበት ቦታ ይበቃል። የደረቀ የወንዝ ዳር ባዶ ስለሆነ የሚያጓጓ ይመስላል፤ ድሬ ግን በመሐሏ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ታውቀዋለች። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ነው፣ ውሃው የሚደርሰው እዚህ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። እንጨት ብቻ ሳይሆን እንጨት ፈላጭም እዚያ አይደር።

ከመብራት ሽቦ ሥር አትከምሩ። ከጎረቤት ግድግዳና ከማድ ቤት ራቅ በሉ፣ አንድ በርሜል ውሃና የአሸዋ ክምር ይኑራችሁ፣ ግቢ ውስጥ ሲጋራ አይጨስ። ደረቅ እንጨት ለእሳት አይለምንም።

መቁረጥና መፍለጥ

ባሕር ዛፍ እርጥብ ሳለ ይፈለጣል። ከደረቀ በኋላ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ ጭረቱም ስለሚጠማዘዝ ምሳር ይነክሳል። ስለዚህ ጭነቱ በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ መፈለጡ መጠናቀቅ አለበት፤ «ግንዱ ይድረቅና ይፈለጣል» የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል፣ ክብ ግንድ ከነቅርፊቱ ወራት ቢቀመጥም ውስጡ እርጥብ ነውና።

ለእንጀራ ምድጃ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ውፍረቱ ከእጅ አንጓ ያልበለጠ ፍልጥ ቁረጡ። ለዳቦ ቤትና ለድግስ ረዘም፣ ወፈር ያለ ይሻላል። አንጓ የበዛበትን ጉማጅ ስትታገሉ አትዋሉ፤ ሽብልቅ አስገብታችሁ ለሁለት ክፈሉትና ለዳቦ ቤት ወይም ለአረቄ አውጪ አስቀምጡት፣ እሱ የሚፈልገው ረጅም ሰዓት የሚቆይ እሳት ነው።

ፈላጮችን በቀን ከመቅጠር በተደረደረ ሜትር መክፈል ይሻላል። ሜትር በሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም አቁሙ፤ ፍልጡ እዚያ ውስጥ ተደርድሮ ይለካል። ጭቅጭቅ የለም። በሁለት ፈላጮች መካከል ሁለት የምሳር ርዝመት ክፍተት ይኑር። በነጠላ ጫማ የሚፈልጥ ሰው ካለ ሥራውን አስቁሙት።

መደርደር

የሥራው ልብ እዚህ ነው። ፍልጥ እንዲሁ ተቆልሎ ቢተው ከላይ ያለው ይደርቃል፣ መሐሉ ይታፈናል፣ ከታች ያለውን ምስጥ ይበላዋል።

መጀመሪያ ርብራብ ሥሩ። ድንጋይ ወይም ብሎኬት ደርድራችሁ በላዩ ሁለት ረጃጅም አጣና አጋድሙ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይበል። ምስጥ በአፈር እየተሸሸገ ስለሚመጣ፣ ብሎኬቱ ላይ የጭቃ መስመር ሲሠራ ታዩታላችሁ፤ በየሳምንቱ በመጥረጊያ ጥረጉት። መድኃኒት አትርጩ፣ ነገ ምግብ ሥር የሚነድ ነው።

ከዚያ በአንድ ረድፍ ብቻ ደርድሩ። ሁለት ረድፍ ከተጣበቀ ነፋስ መሐሉን አያገኘውም። የነፋሱን አቅጣጫ በግምት አትያዙ፤ አጣና ላይ ቁራጭ ጨርቅ አስራችሁ ከሰዓት በኋላ በየት በኩል እንደሚውለበለብ ሁለት ሦስት ቀን ተመልከቱ። የረድፉ ሰፊ ጎን ወደዚያ ይዙር። የረድፉን ሁለት ጫፎች አንዱን ንብርብር በቁመት፣ ቀጣዩን በአግድም እያደረጋችሁ እንደ ግንብ አቁሙ፣ መሐሉ በእነርሱ ላይ ይደገፋል። ከፍታው ከደረት አይለፍ። በረድፎች መካከል ሰው ሸክም ይዞ የሚያልፍበት መንገድ ተዉ።

አናቱን ብቻ አልብሱ። አሮጌ ቆርቆሮ በድንጋይ ተጭኖ፣ ከሁለት ጎን አንድ ክንድ ያህል ወጣ ብሎ። ጎኑን በላስቲክ የሚጠቀልሉ አሉ፤ ጠዋት ላስቲኩን ገልጣችሁ ብታዩት ውስጡ ላብ ያዘነበበት ነው፣ በሳምንቱ ይሻግታል። ፀሐይ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል ብላችሁ አትጨነቁ። ለጣውላ ቢሆን ኪሳራ ነበር፤ ለማገዶ ስንጥቁ የውሃ መውጫ በር ነው።

በበጋ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ እጅ አንጓ የሚያህል ፍልጥ ድሬ ላይ በሳምንታት ውስጥ ጥሩ ይሆናል፤ ወፍራሙ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ሐረር ላይ ጊዜውን አራዝሙት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200፤ አየሩም ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ጤዛም አለ። ሁለቱም ከተማ ደንበኛ ያለው ሰው ማድረቂያውን ድሬ ቢያደርግ ይመረጣል እላለሁ፤ ግንዱ ከቁልቢ በኩል የሚመጣ ከሆነ ግን ደረቁን መልሶ ደንገጎን ማውጣት የነዳጁን ሒሳብ ይጠይቃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጊንጥ እንዲህ ያለ ቤት ይወዳል። የቆየ ክምር ስታፈርሱ ወፍራም ጓንት አድርጉ፣ ፍልጡን በዱላ ገልበጥ አድርጋችሁ ከዚያ አንሡ። ልጆች ክምር ላይ አይጫወቱ።

ደርቋል ወይስ አልደረቀም?

በዓይን አትመኑ። ጫፉ የተሰነጠቀና የጠቆረ ፍልጥ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ሚዛን ነው። ስትደረድሩ አምስት ስድስት ፍልጥ ምረጡ፣ ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ቀብታችሁ ቁጥር ስጧቸው፣ ክብደታቸውን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከረድፉ መሐል በቀላሉ ሊወጡ በሚችሉበት ቦታ አስገቧቸው። በየሳምንቱ አውጥታችሁ መዝኑ። መጀመሪያ ላይ በፍጥነት ይወርዳል፣ ከዚያ ይዘገያል፤ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ አልቀንስ ሲል አየሩ የሚወስደውን ሁሉ ወስዷል።

ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ፍልጡን አዲስ ሰንጥቃችሁ በውስጠኛው ገጽ መሐል ላይ ውጉት፤ ጫፉ ሁልጊዜ ደረቅ ስለሆነ ያታልላል። መለኪያው የሚያሳየው በአብዛኛው የውሃውን ክብደት ለደረቁ እንጨት ክብደት አካፍሎ ነው፤ ስለዚህ መለኪያው ላይ 25 ማለት እኛ ከላይ 20 ያልነው ነው።

ደንበኞች ግን የራሳቸው መለኪያ አላቸው። አንዲት ከገንደ ቆሬ የምትመጣ እንጀራ ጋጋሪ ሁለት ፍልጥ ታነሣና ታጋጫቸዋለች። ደረቁ «ቋ!» ይላል፤ እርጥቡ «ዱፍ»። ቀጥላ አንዱን ታስሰነጥቅና የተሰነጠቀውን ገጽ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። ከቀዘቀዘ ትመልሰዋለች፦ «አቦ፣ ይሄማ ላዩ ነው የደረቀ!» ትክክል ናት። የውስጡ ውሃ ሲተን ያቀዘቅዛል፣ ጉንጭም ይህን ከእጅ መዳፍ በተሻለ ያውቃል። ለሽያጭ ከማውጣታችሁ በፊት እናንተም እንደ እርሷ ፈትኑ።

ሽያጭ

በእስር የምትሸጡ ከሆነ እስሩ አንድ ዓይነት ይሁን። ብረታ ብረት ቤት ክብ ቀለበት አሠሩ፤ ፍልጡ ቀለበቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ሲሞላ በቃጫ ይታሰርና ይወጣል። ደንበኛው ዛሬ ያየውን ነገም ያገኛል። በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥ ለምታደርሱት እስሩን ቀለል አድርጉ፤ ብዙው መንገድ መኪና አያስገባም፣ በአህያ ወይም በትከሻ ነው። ድሬ ላይ ጋሪና ባጃጅ አለ።

ደንበኞችን በእሳታቸው ለዩአቸው። እንጀራ ጋጋሪ ቶሎ የሚንቦገቦግ ቀጭን ፍልጥ ትፈልጋለች። ዳቦ ቤት ምድጃውን አግሎ የሚያቆይ ወፍራም ይሻል፣ ግን በብዛትና በመደበኛነት ይወስዳል፤ አንድ ዳቦ ቤት ከሃያ አልፎ ሂያጅ ይበልጣል። ዱቤ የሚጠይቀውም እሱ ነው። አዲሱን ጭነት ከማራገፋችሁ በፊት ያለፈው ይከፈል፣ ከዚህ ውጭ ስምምነት አትግቡ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ቤቶችም ደንበኛ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ስልካችሁን የሚያጨናንቁት እነርሱ ናቸው።

የዓመቱን ዕቅድ ከዝናቡና ከበዓሉ ጋር አስተሳስሩ። በልጉ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ክረምት ላይ ጭራሮ ሁሉ ይርሳል፣ የደረቀ ፍልጥ ያለው ሰው ዋጋ ይቆርጣል። ስለዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ግዙ፣ በበጋው አድርቁ፣ ሰኔ ሳይገባ ከጣሪያ ሥር አስገቡ። የጥር ሠርግና የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19፣ ቀናቸው ይታወቃል። ፋሲካ ግን ከዓመት ዓመት ቀኑ ይለዋወጣል፤ ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚገባ ያምናውን ደብተር ገልብጣችሁ አትመኑ። ማታ ማታ ሾርባውም ሳምቡሳውም ለሚወጣባቸው ቤቶች ከጾሙ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አድርሱ፤ በዋዜማው ባጃጅ አይገኝም።

ፍልጡ አልቆ መሬት ላይ የሚቀረው ስብርባሪና ቅርፊት አይጣል። በማዳበሪያ ጆንያ ሞልታችሁ ለማቀጣጠያ ሽጡት፤ ዱቄት የሚያራግፍ፣ ነቀዝ የገባበት ፍልጥ ካለም ወደ ሌላው ሳይዛመት ከሁሉ ቀድሞ ይውጣ፣ ዋጋውም ቅናሽ መሆኑ ለገዢው ይነገረው።